«ልቀቅለት» የሚለው ትእዛዝ በመካኒኩ እጅ ሲያልፍስ? የድራግ ሬስ ጥያቄ

ኖዝል ቤት፣ ኮምቦልቻ፦

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? እኔ ያለሁት ኮምቦልቻ ነው። ሥራዬ የናፍጣ ፓምፕና ኖዝል ማስተካከል ነው። የአሜሪካኖቹን ድራግ ሬስ በስልኬ እከታተላለሁ። እዚህ ሰፈር ከታናሽ ወንድሜ በቀር የሚያይ ሰው አላገኘሁም። ከእሱ ጋር ደግሞ በአንድ ጉዳይ መግባባት አቅቶናል። እስቲ እናንተ ፍረዱን።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። ሁለት መኪና ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ጎን ለጎን ይቆማል። መብራት ሲበራ ይነሣሉ፣ ቀድሞ የደረሰ አሸነፈ። ናይትሮሚቴን የሚባል ኃይለኛ ነዳጅ የሚያቃጥሉት ሁለቱ ትልልቅ ክፍሎች ቶፕ ፊውልና ፈኒ ካር ይባላሉ። የሚሮጡት 1,000 ጫማ ነው፤ 305 ሜትር ያህል። ድሮ 402 ሜትር ነበር። ስኮት ካሊታ የተባለው ሾፌር በ2008 ከሞተ በኋላ ነው ያሳጠሩት። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ያቺን መንገድ አራት ሰከንድ ሳይሞላ ይጨርሷታል። መጨረሻ ላይ ፍጥነታቸው በሰዓት ከ500 ኪሎ ሜትር ያልፋል። እሑድ ዕለት 16 መኪና ይሰለፋል። የተሸነፈ ዕቃውን ሰብስቦ ይሄዳል። አራቱንም ዙር ያሸነፈ ዋንጫውን ያነሣል።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። ትልልቆቹ ቡድኖች ሁለትም ሦስትም አራትም መኪና አላቸው። ማን ከማን እንደሚገናኝ የሚወስነው በማጣሪያው ያስመዘገቡት ሰዓት ነው። የማን ቡድን ነህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ የአንድ ባለቤት ሁለት መኪኖች እርስ በርስ ይፋጠጣሉ። አንዱ ለሻምፒዮናው ነጥቧ በጣም ያስፈልገዋል፣ ሌላው ብዙም አያስፈልገውም እንበል። ባለቤቱ ምን ያድርግ?

ብዙ ያነጋገረው የ2009ኙ የኢንዲያናፖሊስ ውድድር ነው። በፈኒ ካር ጆን ፎርስና ሮበርት ሃይት ተገናኙ። ፎርስ ያኔ የቡድኑ ባለቤትም ሾፌርም ነበር። በክፍሉ የእሱን ያህል ሻምፒዮን የሆነ ሰው የለም፤ በኋላ 16 አድርሶታል። ሃይት ደግሞ ተቀጣሪው ብቻ አልነበረም። ያኔ የፎርስ ልጅ ባል ነበር። ኢንዲያናፖሊስ የመደበኛው ውድድር መዝጊያ ናት። ከዚያ በኋላ ነጥቡ እንደ አዲስ ይስተካከልና ያኔ ለሻምፒዮናው የሚፋለሙት የመጀመሪያዎቹ 10 ብቻ ነበሩ። ሃይት ከአሥሩ ውስጥ ለመግባት ያቺ ድል ታስፈልገው ነበር። ፎርስ ተሸነፈ፣ ሃይት ገባ። ውጪ የቀረው ክሩዝ ፔድሬጎን ነው፤ ያውም የ2008 ሻምፒዮን። ወንድሙ ቶኒ ፔድሬጎን ፎርስን ሆን ብለህ ነው የተሸነፍከው ብሎ ካሜራ ፊት ተጋፈጠው። ተጯጯሁ። ሃይት በዚያው ዓመት ሻምፒዮን ሆነ።

ፎርስ በልቡ ምን እንደነበረ ለፈጣሪ ትቼዋለሁ። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ወንድሜ እንዲህ ይላል፦ ሾፌሩ ራሱ እግሩን ከነዳጅ ካነሣ ማጭበርበር ነው። ነገር ግን ባለቤቱ ለመካኒኩ «ዛሬ ቀዝቀዝ አድርገህ ላካት» ቢለው ማጭበርበር አይባልም፤ ባለቤት በንብረቱ ያዛል። እኔ ደግሞ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብሳል ባይ ነኝ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?


ሸዋ በር፣ ደሴ፦

ወንድምዓለም፣ እኔ ከታናሽህ ጋር ነኝ። እኔ የፎርሙላ ዋን ሰው ነኝ፤ እዚያ ይሄ ክርክር አርጅቷል።

በ2002 ኦስትሪያ ላይ ሩበንስ ባሪኬሎ ሲመራ ቆይቶ መጨረሻው መስመር አጠገብ ለሚካኤል ሹማከር ለቀቀለት። ሁለቱም የፌራሪ ናቸው። ተመልካቹ በጩኸት ተቃወመ። ከ2003 ጀምሮ የቡድን ትእዛዝ ተከለከለ። ታዲያ ቆመ? የት ይቆማል! ቡድኖቹ በሬዲዮ በሰምና ወርቅ መነጋገር ጀመሩ። በ2010 ጀርመን ላይ ለፌሊፔ ማሳ ፈርናንዶ ካንተ ይፈጥናል አሉት። ወርቁ ገባው፣ ለቀቀ። ፌራሪ 100,000 ዶላር ተቀጣ። ከ2011 ጀምሮ ክልከላውን ራሱን አነሡት።

ልትይዘው የማትችለውን ነገር ከልክለህ ሰዉን ሁሉ ውሸታም ከምታደርገው፣ ፈቅደህ በግልጽ ቢሆን ይሻላል። ሚሊዮኖች የሚያወጣው ባለቤቱ ነው። ሾፌሩም መካኒኩም ደመወዝተኛ ናቸው። በደመወዙ የማይታዘዝ ሰው የራሱን ቡድን ያቋቁም።


ኖዝል ቤት፣ ኮምቦልቻ፦

ሸዋ በር፣ አመሰግናለሁ። ጥሩ ምሳሌ አመጣህ፤ ግን ራስህ ባመጣኸው ነው የምመልስልህ።

ባሪኬሎ ሲለቅ ዓለም አየው። ፎርሙላ ዋን አንድ ሰዓት ተኩል ይሄዳል፣ ሬዲዮውም ይሰማል። ማሳ ሲለቅ ማን እንዳዘዘው ሁሉም ሰው ያውቃል። መጮህ የፈለገ ይጮኻል፣ መቅጣት የፈለገ ይቀጣል። ድራግ ሬስ ላይ ግን ያለችህ አራት ሰከንድ የማትሞላ ናት። ጎማው ጨሰ፣ ሌላው ሄደ፣ አለቀ። ጎማ ደግሞ በየቀኑ ይጨሳል። ፈቅደን በግልጽ ይሁን ያልከው እዚህ ጋ አይሠራም። ነገሩ ከሥሩ የማይታይ ነው።

ሁለተኛው ደግሞ ሦስተኛው ሰው ነው። ፌራሪ ውስጥ ተጎጂው ራሱ ባሪኬሎ ነው፤ ደመወዙን እየበላ ነው የተጎዳው። ኢንዲያናፖሊስ ላይ ግን ውጪ የቀረው ክሩዝ የሌላ ቡድን ሰው ነው። በዚያ ዙር መንገዱ ላይ እንኳን አልነበረም። ናስካር የሚባለው የአሜሪካኖቹ የመኪና ውድድር ይህን ነገር ገብቶታል። በ2013 ሪችመንድ ላይ የማይክል ዋልትሪፕ ቡድን ሾፌር ክሊንት ቦየር በመጨረሻዎቹ ዙሮች መኪናው ዞረበት። ሆን ብሎ ነው ተብሎ ተጠረጠረ። ውድድሩ በቢጫ ባንዲራ ተያዘ፣ ነገሩ ተገለባበጠ፣ የቡድን ጓደኛው ማርቲን ትሩክስ ለሻምፒዮናው ከሚፋለሙት ውስጥ ገባ። ናስካር ውጤቱን ለማዛባት ሞክሯል ብሎ ቡድኑን 300,000 ዶላር ቀጣው። ትሩክስን አውጥቶ ራያን ኒውማንን አስገባ። ከዚያም ሾፌር ሁሉ በሙሉ አቅሙ እንዲነዳ የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። ኒውማን ባይበደል ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።


ሰዓዳ፣ ገራዶ፦

እኔ ስለ መኪና እምብዛም ነኝ። የስፖርት መምህርት ስለሆንኩ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

አቴንስን አስታውሱ፤ 2004፣ የወንዶች 10,000። ኃይሌ ጉዳት ይዞ ነው የገባው። ቀነኒሳና ስለሺ እየመሩ ወደ ኋላ እየዞሩ ያዩታል። እስኪደርስባቸው ፍጥነት ቀነሱለት። አልቻለም፣ 5ኛ ወጣ። ቀነኒሳ ወርቁን፣ ስለሺ ብሩን ወሰዱ። ነሐሱ የኤርትራው ዘርዓሰናይ ታደሰ ሆነ። ያን ቀን ስንቱ ሰው አለቀሰ! አጭበረበሩ ያለ ግን አልሰማሁም።

ለምን ይመስላችኋል? እኔ እንደሚገባኝ፣ ቀነኒሳና ስለሺ ሊሰጡ የፈለጉት የራሳቸውን ነው። ሲጠብቁት ሌላ ሰው ቢደርስባቸው ወርቁን የሚያጡት እነሱ ናቸው። ደግሞ በአደባባይ ነው፣ አንገታቸውን እያዞሩ። ከውጭ ሆኖ ጠብቁት ብሎ ያዘዛቸው አለቃም አልታየኝም። አክብሮት ነው ያስቆማቸው።

ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ይህንን ነው፦ ለጓደኛህ ብትለቅለት ከራስህ ይሁን። ከሦስተኛ ልጅ ወስደህ ለጓደኛህ አትስጥ። ስለዚህ ወንድሜ ኖዝል፣ ባንተ ወገን ነኝ። ግን አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። የመካኒኩ ለምን እንደሚብስ አልነገርከንም። ሾፌሩም መካኒኩም ያው ከታዘዙ አንድ አይደሉም እንዴ?


ሚሌ መንገድ፦

እሷን እኔ ልመልስልሽ እህቴ፣ ምክንያቱም ሾፌር ነኝ። ከጅቡቲ በሚሌ፣ በባቲ አድርጌ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ነው የማራግፈው። ተሳቢ ነው የምነዳ።

ሾፌር መኪናውን የሚያውቀው በእግሩና በጀርባው ነው። ከሚሌ ወዲህ ወደ ባቲ ሲወጣ ይቺ ዳገት ላይ በስንት ማርሽ እንደምትሄድ፣ መቼ እንደምትደክም አውቃለሁ። ማለፍ ስፈልግ የምቆርጠው በዚያ እውቀት ነው። አንድ ሰው ሳይነግረኝ ፓምፑን ቢቀንስብኝ የምቆርጠው በሌለ ጉልበት ነው። ፊት ለፊቴ የሚመጣ አውቶብስ ደግሞ ይኖራል።

ሾፌሩን «ልቀቅ» ብትለው ቢያንስ ሰው አድርገኸዋል። እምቢ ማለት ይችላል። ሥራውን ትቶ መሄድም ይችላል። መኪናውን ከበስተጀርባው ብትቀንስበት ግን ምርጫውን ወሰድክበት። ከዚያ ወርዶ ካሜራ ፊት «የምችለውን አድርጌያለሁ» ይላል፣ ከልቡ። እውነቱን የማያውቀው እሱ ብቻ ይሆናል።

ግን ወንድሜ፣ በናይትሮ መኪና ይሄ ነገር ይቻላል? ሾፌሩ አያውቅም?


ኖዝል ቤት፣ ኮምቦልቻ፦

ሚሌ መንገድ፣ አላህ ይስጥህ። እኔ ያልቻልኩትን ነው የተናገርክልኝ። ረዘም አድርጌ ልመልስ፣ ምክንያቱም ነገሩ ያለው እዚህ ነው።

ይቻላል፣ በጣም ይቻላል። በነዚህ መኪኖች ላይ ካምቢዮ የለም። ሾፌሩ ማርሽ አይለውጥም። ያለው ፍሪሲዮን ነው፤ ብዙ ዲስክ ያለው፣ ቀስ በቀስ የሚይዝ። በየትኛው ቅጽበት ምን ያህል እንደሚይዝ አስቀድሞ የሚያስተካክለው የመካኒኮቹ አለቃ ነው። የእሳቱን ታይሚንግ፣ መቼ እንደሚለኮስ ማለት ነው፣ የሚወስነው እሱ ነው። የነዳጁን መጠንም እንዲሁ። ሞተሩ 8.2 ሊትር ነው፣ በእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ፣ ላዩ ላይ አየር የሚገፋ ሱፐርቻርጀር። ነዳጁ 90 በመቶ ናይትሮሚቴን ነው። ከአንድ ሩጫ በኋላ የሞተሩን ቴስታታ ፈትተው፣ ፒስቶን ድረስ ገብተው በአንድ ሰዓት ገደማ መልሰው ይገጥሙታል። ልጆቹ ሲሠሩ ማየት ለኔ ከሩጫው ይበልጣል። የሾፌሩ ሥራ በመብራቱ በፍጥነት መነሣት፣ መሪውን መያዝና ጎማው ሲንሸራተት እግሩን አንሥቶ መልሶ መርገጥ ነው። የቀረው ሁሉ ሳይነሣ በፊት ተወስኗል።

አሁን ማሸነፍ የማይፈልግ መካኒክ ምን ያደርጋል? ጉልበት መቀነስ ይችላል። ሰዓቱ ትንሽ ይዘገያል፣ በቃ። ግን ሌላም መንገድ አለው፣ እሱ ደግሞ ይገርማል። ጉልበት መጨመር ይችላል! ፍሪሲዮኑን ቶሎ እንዲይዝ ካደረገው ጎማው መሬቱን ይለቃል፣ ይጨሳል፣ መኪናው ቆመ ማለት ነው። የሚያይ ሰው «ሪከርድ ሊሰብሩ ሲሉ ነው» ይላል። ከሁለቱ አንዱም ከተለመደ ስሕተት አይለይም። ቀትር ላይ መንገዱ ሲግል እኮ ሐቀኛው መካኒክም ጉልበት ይቀንሳል፤ ካልቀነሰ ይጨሳል። ሾፌሩ ከእግሩ በታች የሚሰማው ያው ነው።

ከፍታንም ጨምሩበት። ዴንቨር አጠገብ ባንዲሚየር የሚባል መሮጫ ነበር፣ በ2023 ነው የተዘጋው። ከባሕር ጠለል 1,770 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከኛ ከኮምቦልቻ ብዙም አያንስም። አየሩ ሳሳ ስለሚል እዚያ የሁሉም ሰዓት ይዘገይ ነበር፣ መካኒኩም ሁሉን ነገር እንደ አዲስ ያስተካክላል። እኔ ይህን ለማወቅ ዴንቨር መሄድ አያስፈልገኝም። ቆላ ላይ የተስተካከለ መኪና ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ሲገባ ጭሱን አያለሁ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ናት። ሥራዬ ይኼው ነው። የፓምፕን ብሎን በጣም ትንሽ ብታዞራት ያ መኪና ጉልበቱን ያጣል። ባለቤቱ ወር ሙሉ ነድቶት ላያውቅ ይችላል። «አርጅቷል» ይላል እንጂ ኖዝል ቤቱን አይጠረጥርም። ሰው ቁልፉን ሰጥቶኝ ሻይ ሊጠጣ የሚሄደው በዚህ ነገር ላይ ስለሚያምነኝ ነው። ሰዓዳ፣ የመካኒኩ ይብሳል ያልኩት ለዚህ ነው። ሾፌር ቢለቅ የራሱን ድል ነው የሚለቅ፤ አንቺ እንዳልሽው ከራሱ ነው። መካኒክ ሲለቅ ግን የሰው ድል ነው የሚሰጠው፣ ያውም አምኖት ቀበቶውን አስሮ የተቀመጠ ሰው።

ደግሞ ሳይለቁም መኖር ይቻላል። በ2012 ቶፕ ፊውል ላይ አንትሮን ብራውንና ቶኒ ሹማከር ነበሩ፣ ሁለቱም የዶን ሹማከር ቡድን። የዓመቱ መጨረሻ ውድድር ፖሞና፣ ካሊፎርኒያ። ብራውን በጊዜ ተሸነፈና ቆሞ መጠበቅ ብቻ ቀረው። ቶኒ እያሸነፈ እያሸነፈ ፍጻሜው ደረሰ። ቢያሸንፍ ሻምፒዮን እሱ ነው። በሌላ ቡድን ሾፌር፣ በብራንደን በርንስታይን ተሸነፈ። ብራውን በ7 ነጥብ በለጠ። አንድ ዙር ማለፍ 20 ነጥብ ነው፤ 7 ነጥብ ማለት ከአንድ ዙር በታች ነው። ባለቤቱ ያን ዓመት አንዲት ዙር ላይ አንዱን «ልቀቅ» ቢል ኖሮ ሻምፒዮኑ ማን እንደሆነ ማንም አያውቅም ነበር። ብራውን በአሜሪካ ትልልቅ የመኪና ውድድሮች የመጀመሪያው ጥቁር ሻምፒዮን ነው። ያ ታሪክ የጸዳ መሆኑ ደስ ይለኛል።

ያው ቶኒ በ2006 እዚያው ፖሞና ላይ ሻምፒዮን ለመሆን የመጨረሻዋን ሩጫ ማሸነፍ ብቻ አልበቃውም። የአገሩን ሪከርድ መስበርም ነበረበት፣ ነጥብ ስለሚያስጨምር። ሰበረው። 4.428 ሰከንድ፣ ያኔ ርቀቱ ገና 402 ሜትር ነበር። ያቺን ሩጫ ደጋግሜ የማየው ለዚህ ነው። ሰዓትን ማንም አያዘውም።


ቧንቧ ውሃ፣ ደሴ፦

ሰላም። እኔ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ የሜካኒካል ተማሪ ነኝ። አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ መኪኖች ላይ መረጃ የሚመዘግብ ኮምፒውተር አለ። የሞተሩ ዙር፣ የፍሪሲዮኑ ሁኔታ፣ የነዳጁ ግፊት ሁሉ ይመዘገባል። የአንድ ቡድን መኪኖች ሲገናኙ ዳኞቹ ወዲያው የሁለቱንም ቢወስዱ ነገሩ አያልቅም? ጉልበቱ ከቀነሰ ይታያል።


ኖዝል ቤት፣ ኮምቦልቻ፦

ጎበዝ! ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን ግማሹን ነው የሚፈታው። ኮምፒውተሩ ምን እንደተደረገ ይነግርሃል፣ ለምን እንደተደረገ አይነግርህም። ጉልበቱ መቀነሱ ይታያል። መካኒኩ «መንገዱ ግሎ ነበር» ይላል። እውነቱን ሊሆንም ይችላል።

እኔ የሚሻል የሚመስለኝ እንዲህ ነው። የአንድ ባለቤት ሁለት መኪኖች ሲገናኙ፣ ሞተር ከመነሣቱ በፊት ሁለቱም አለቃ መካኒኮች ያስተካከሉትንና ምክንያቱን ጽፈው ለዳኞች ይስጡ። መንገዱ ስንት ዲግሪ ነው፣ ባለፈው ዙር ምን ነበር፣ አሁን ምን ለወጥክ፣ ለምን። ፊርማ ያለበት። ሾፌሩም አንብቦ ይፈርም። ያኔ ከመሸነፉ በኋላ የሚፈጠር ምክንያት አይኖርም። የማያውቅ ሾፌርም አይኖርም።


ሸዋ በር፣ ደሴ፦

ሾፌሩ ይፈርም ያልካትን ወድጃታለሁ። ግን አቦ፣ ያ ወረቀት የቡድኑ ምስጢር እኮ ነው። ፍሪሲዮናቸውን እንዴት እንደሚያስተካክሉ ዓመት ሙሉ የደከሙበትን ተቀናቃኝ ቢያነብባቸውስ? ማን ይሰጣል?


ኖዝል ቤት፣ ኮምቦልቻ፦

ልክ ነህ፣ እሱን ማሰብ አለብን። ለተቀናቃኝ አይሰጥ። ታሽጎ ዳኞች ጋ ይቀመጥ። አቤቱታ ካልመጣ ሳይከፈት ይመለስላቸው። አቤቱታ ከመጣ የሚከፍተው የየትኛውም ቡድን ያልሆነ መካኒክ ይሁን፣ ከኮምፒውተሩ መዝገብ ጋር ያስተያየው፣ ውሳኔውን ብቻ ያሳውቅ። አቤት የማለት መብቱ ደግሞ ለሁለቱ ተፋላሚዎች ብቻ አይሁን። በነጥብ የሚጎዳው ሰው፣ እንደ ክሩዝ ፔድሬጎን ያለው፣ በዚያ ዙር ባይሮጥም ማመልከት ይችል። ወንድሜ አጠገቤ ሆኖ እያነበበ ነው፤ በዚህች በመጨረሻዋ አልስማማም ይላል። ነገ ራሱ ገብቶ ይጻፍላችሁ።